መብራት ሲጠፋ የሚሻለው ፍሪጅ

የቤት ዕቃ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው፤ ቤታችን ፍራንኮ አካባቢ ነው። ፍሪጃችን ባለ ሁለት በር ነው። ላይኛው ፍሪዘር፣ ታችኛው ማቀዝቀዣ። ግድግዳው ላይ በረዶ የማይሠራው፣ ኖ ፍሮስት የሚባለው ዓይነት ነው። ወንድሜ ከጅዳ ሲመለስ ያመጣልን ሲሆን አሁን 15 ዓመት ሊሞላው ነው። ከፋሲካ ወዲህ ታችኛው ክፍል አልቀዘቅዝ ብሏል። ወተት አንድ ሌሊት አያሳድርም። ላይ ያለው ሥጋ ግን በረዶ እንደሆነ ነው። ሠራተኛ ጠራን፤ “ጋዝ አልቋል” ብሎ ጭኖ ወደ ሱቁ ወሰደው። ሁለት ቀን አቆይቶ መለሰልን። ሳምንት ያህል አሪፍ ሠራ፤ ከዚያ ያው ሆነ። ድጋሚ ወሰደው፣ ድጋሚ ጋዝ ሞላው፣ ድጋሚ ሳምንት ሠራ። አሁን ደግሞ “ሞተሩ ደክሟል፣ ይቀየር” ይለናል። አንድ የገረመኝ ነገር አለ። በቀደም መብራት አንድ ቀን ሙሉ ጠፍቶ ሲመጣ ፍሪጁ ለጥቂት ቀን እንደ አዲስ ሠራ። እናቴ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊኗን የምናስቀምጠው እዚያ ነው። ሞተር እናስቀይር ወይስ ሌላ እንግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሞተሩን አያስቀይሩ። ሌላም ለመግዛት አይቸኩሉ። የበሽታውን ምልክት ራስዎ አግኝተውታል፤ “መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንደ አዲስ ሠራ” ያሉት ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ይበልጥብኛል። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ እናትዎ መድኃኒት እንነጋገር።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ነው። ወተት የማያሳድር ፍሪጅ ከዚያ በላይ እንደሞቀ ይቁጠሩት። እባክዎን “ላይኛው ይቀዘቅዛል” ብለው ፍሪዘር ውስጥ እንዳያስገቡት። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ተመልሶ አይሠራም፤ ይጣላል። ደህና ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ካለ ለጊዜው እዚያ ይቀመጥ። የተጀመረው ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ የክፍል ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ ግን ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ያንብቡ። ካልሆነ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። እስካሁን በሞቀው ፍሪጅ ውስጥ የቆየውንም ይዘው ሄደው ያማክሩ።

የአዳማን ከሰዓት በኋላ ያውቁታል። በበጋ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ክፍሉ ከ30 ዲግሪ በቀላሉ ያልፋል። ጎረቤት ካልተገኘ ሁለት የሸክላ ማሰሮ ይፈልጉ፤ አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገባ ይሁን። በመካከላቸው አሸዋ ይሙሉና አሸዋውን ውሃ ያጠጡት። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑት። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ያስቀምጡት። የከተማችን አየር ደረቅና ነፋሻ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል፤ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ፍሪጅን አይተካም። ለተጀመረው ብልቃጥ ግን ከሞቀ ክፍል እጅግ ይሻላል። መድኃኒቱ እንዳይረጥብ በላስቲክ ይጠቅልሉት።

አሁን ወደ ጋዙ እንምጣ። ይህን ነገር በየቤቱ ስናገር ኖሬያለሁ፤ አሁንም አልሰለቸኝም። መኪና ቤንዚን ይጨርሳል፤ ፍሪጅ ግን ጋዝ አይጨርስም። ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ሞተሩ ይገፋዋል፤ ከኋላ ሙቀቱን ይጥላል፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ሌላ ሙቀት ይሰበስባል፤ ይመለሳል። ቱቦው ካልተበሳ 20 ዓመት ቢቆይም መጠኑ ያው ነው። መጠኑ ደግሞ ትንሽ ነው። ከኋላ ወይም ከውስጥ የተለጠፈውን ወረቀት ቢያዩት በግራም ተጽፎ ያገኙታል። በእርስዎ ፍሪጅ ዕድሜ ያሉት ባለ ሁለት በሮች አብዛኞቹ አር 134 ኤ የሚባለውን ጋዝ ነው የሚይዙት፤ ከ100 እስከ 200 ግራም ገደማ። ስለዚህ “ጋዝ አልቋል” የሚል ሰው “የት ጋ ነው የሚያፈሰው?” ተብሎ መጠየቅ አለበት። ቀዳዳው ካልተገኘና ካልተደፈነ አዲስ የተሞላውም በዚያው ይወጣል።

ታዲያ ለምን ሁለቴ ሳምንት ሳምንት ሠራ? ሱቅ ውስጥ ተነቅሎ ሁለት ቀን ስለቆመ ነው። ቤትዎ መብራት ጠፍቶ በዋለ ጊዜም የሆነው ይኸው ነው። ያን ቀን ጋዝ የሞላው ሰው የለም፤ ፍሪጁ ግን ዳነ።

የእርስዎ ፍሪጅ ቅዝቃዜ የሚሠራበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ፍሪዘሩ ውስጥ ከኋለኛው የፕላስቲክ ግድግዳ ጀርባ ተደብቋል። ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች ያሉት ቱቦ ነው፤ ኢቫፖሬተር ይባላል። ከላዩ ትንሽ ፋን አለች። ፋኗ አየሩን በክንፎቹ መካከል ትስብና ገሚሱን ፍሪዘር ውስጥ ትበትናለች፤ ገሚሱን በቀጭን መንገድ ወደ ታች ትልካለች። ታችኛው ክፍል የራሱ ቅዝቃዜ የለውም። የሚኖረው ከላይ በሚላክለት አየር ነው።

በር በተከፈተ ቁጥር እርጥበት ይገባል። እርጥበቱ ክንፎቹ ላይ ጤዛ ሆኖ ይጋገራል። ይህን ጤዛ ለማቅለጥ ከክንፎቹ ሥር ሂተር ተሠርቶለታል። ታይመር የምትባል ትንሽ ዕቃ ፍሪጁ 8 ወይም 12 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ሞተሩን አቁማ ሂተሩን ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ታበራለች። ውሃው ወርዶ ከሞተሩ በላይ ባለች ሳህን ላይ ይንጠባጠብና በሞተሩ ሙቀት ይተናል። ዲፍሮስት የሚባለው ይህ የማቅለጥ ሥራ ሲቋረጥ ጤዛው በረዶ ይሆናል፤ በረዶው ክንፎቹን ይደፍናል። አየር ማለፊያ ያጣል። ፍሪዘሩ በረዶው አጠገብ ስለሆነ ለጊዜው ይቋቋማል። ታችኛው ክፍል ግን ይሞቃል። ሁለት ቀን ሲነቀል በረዶው ይቀልጣል፤ መንገዱ ይከፈታል። ከሳምንት በኋላ እንደገና ይደፈናል።

ፋሲካን ማንሳትዎ ከነገሩ ጋር ይገጥማል። 55 ቀን ሁዳዴ ጾመን ፍሪጁ ባዶውን ይከርምና በአንድ ቀን ዶሮ ወጡ፣ ሥጋው፣ ቅቤው፣ አይቡ ይታጨቅበታል። ትኩስ ድስት ከእነእንፋሎቱ ይገባል። ሰው ይወጣል ይገባል፤ በሩ ይከፈታል ይዘጋል። ጤነኛ ዲፍሮስት ያንን እርጥበት አቅልጦ ያወጣዋል። የደከመ ከሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ምንም ገንዘብ አያስፈልግም። ፍሪጁን ባዶ ያድርጉት፤ ከሶኬት ይንቀሉት። ሁለቱንም በሮች ክፍት አድርገው 24 ሰዓት ያቆዩት። ከሥር ጨርቅና ሳህን ያድርጉ፤ ብዙ ውሃ ነው የሚወጣው። ቢላ ወይም ካቻቢቴ ይዘው በረዶ እንዳይነካኩ። ከዚያ መልሰው ይሰኩት። በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያስቀምጡና ቴርሞሜትር ከተውበት ያሳድሩት። ጠዋት 5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ካነበበ ሞተርዎም ጋዝዎም ደህና ናቸው። (የትኩሳት መለኪያው ለዚህ አይሆንም፤ ከ35 ዲግሪ በታች አያነብም።) ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ እንደገና ከሞቀ ችግሩ ዲፍሮስቱ ነው።

ያን ጊዜ ሠራተኛ ይጥሩ፤ ሥራውን ግን እቤትዎ ይሥራው። እባክዎን በረዶው ሳይቀልጥ ይጥሩት። ፍሪጁን ይንቀልና የፍሪዘሩን የኋላ ሽፋን ብሎን ፈቶ ያሳይዎ። ክንፎቹ ከዳር እስከ ዳር በወፍራም ነጭ በረዶ ከተሸፈኑ ያልኩት ነው። በረዶው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ሆኖ ሌላው ደረቅ ከሆነ ደግሞ ያኔ በእውነት ጋዝ ጎድሏል፤ ሠራተኛውም ቀዳዳውን ይፈልግ። ይህን ሳያይ የሚፈርድ ሰው እየገመተ ነው።

የሚመረመሩት ዕቃዎች አራት ናቸው፤ ሁሉም ከሞተር እጅግ የረከሱ ናቸው። ሂተሩ በቴስተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ይለካል። በመቶዎች ኦም የሚቆጠር ነገር ካነበበ ደህና ነው፤ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ከጎኑ ያለችው የሙቀት ፊውዝም እንዲሁ ትለካለች። ታይመሯ መሃል ላይ የካቻቢቴ ጫፍ የሚገባበት ስንጥቅ አላት። ቀስ ተብሎ ጠቅ እስክትል ስትዞር ሞተሩ ቆሞ ሂተሩ መጋል አለበት። እንደዚያ ካደረገ ሂተሩ ደህና ነው፤ በራሷ አልዞር ያለችው ታይመሯ ናት።

አራተኛዋን በጥንቃቄ ላንሳት፤ ብዙ ጊዜ በግፍ የምትጣለው እሷ ነችና። ባይሜታል ትባላለች። ቱቦው ላይ የተሰካች፣ የሳንቲም ስፋት ያላት ክብ ዕቃ ነች፤ ሁለት ሽቦ ይወጣላታል። ሥራዋ ሲቀዘቅዝ መገናኘት፣ በረዶው ቀልጦ ሲሞቅ መለያየት ነው። እንግዲህ ሠራተኛው ነቅሎ በእጁ ይዟት በአዳማ ሙቀት ሲለካት “ተቆርጣለች” ይላል። በዚያ ሙቀት ጤነኛዋም የምታነበው እንደዚያው ነው። በትክክል የምትለካው በላስቲክ ተጠቅልላ፣ የተፈጨ በረዶና ጨው የተቀላቀለበት ሳህን ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ከተቀበረች በኋላ ነው። ያኔም ካልተገናኘች ትቀየር።

ሽፋኑ ተከፍቶ እያለ የውሃ መውረጃዋን ቀዳዳ ለብ ባለ ውሃ ያስጠርጉ። የአትክልቱ መሳቢያ ሥር ውሃ ሲጠራቀም የሚታየው እሷ ስትደፈን ነው። ፋኗም በነፃነት መዞሯን በጣትዎ ይሞክሩ።

አሁን ያለው ጋዝ ስንት እንደሆነም ይጠይቁ። ሁለቴ ያለ ቀዳዳ ከተሞላ ከልኩ በላይ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ወደ ሞተሩ የሚመለሰው ወፈር ያለ ቱቦ ከውጭ በረዶ መሥራቱ ነው። እንደዚያ ከሆነ ጋዙ ወጥቶ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ግራም፣ በሚዛን ተለክቶ ይሞላ። ትርፍ ጋዝ ፈሳሽ ሆኖ ወደ ሞተሩ ሲመለስ ጤነኛውን ሞተር ይሰብራል። ሰውዬው “ደክሟል” ያለው ሞተር በእርግጥ እንዳይደክም የምፈራው ከዚህ የተነሳ ነው።

የበሩን ጎማ አይርሱ። የመቶ ብር ኖት በሩ ላይ ያጣብቁና ይሳቡ፤ ዙሪያውን ሁሉ ይሞክሩ። ያለ ትግል ከወጣ እዚያ ጋ እርጥበት እየገባ ነው። ጎማውን በሞቀ ውሃና ሳሙና አጥበው፣ የተጣመመውን በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አለስልሰው፣ ቫዝሊን በስሱ ይቀቡት። ብዙው ይመለሳል። መብራቱ በሩ ሲዘጋ መጥፋቱን ለማወቅ ደግሞ ስልክዎን ቪዲዮ እየቀረጸ ውስጥ አስቀምጠው ይዝጉት።

አቧራውም አለ። በአዳማ ያለ ፍሪጅ ከኋላው ባለው ጥቁር ጥልፍልፍ ላይ በዓመት ውስጥ ብርድ ልብስ የሚያህል አቧራ ይሸከማል። ነቅለው በደረቅ የቀለም ብሩሽ ይጥረጉት። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ገደማ ያርቁት። ከምድጃውና ከምጣዱም ይለዩት።

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ ተከራይቼ የምኖር ወጣት ነኝ። ያገለገለች ትንሽ ፍሪጅ ገዛሁ። ቀን ቀን ደህና ነች። ማታ ግን ሞተሩ ለመነሳት ያጉረመርማል፤ ከዚያ ጠቅ ብሎ ይጠፋል። ከደቂቃዎች በኋላ ያንኑ ይደግማል። አከራዬ እንጀራ የሚጋግሩትም ማታ ነው። ፍሪጅዋ ተበላሽታ ነው የሸጡልኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሻጩን ከመውቀስህ በፊት ቮልቴጁን ለካ። ፍሪጅህ የተሠራችው ለ220 ቮልት ነው። ሞተር ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባል። ቮልቴጁ ከ180 በታች ከወረደ ብዙ ሞተሮች መነሳት ያቅታቸዋል፤ ያጉረመርማሉ፣ ይግላሉ። ያን ጊዜ ጠቅ የምትለዋ መከላከያ እንዳይቃጠል ትቆርጠዋለች። ሥራዋን እየሠራች ነውና አትጥላት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይበላል። ከአንተ ክፍል ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦ ከተቀጠለ ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ያንተ ሶኬት ይደክማል። ስለዚህ ምጣዱ ተሰክቶ እያለ ለካ፤ ሲነቀልም ለካ። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ችግሩ የግቢው ሽቦ ነው። ኤሌክትሪሺያን ከቆጣሪው ለምጣዱ የራሱን ወፍራም መስመር ይዘርጋለት። ምጣዱ ጠፍቶም ሠፈሩ ሁሉ ማታ ማታ የሚደክም ከሆነ ስታቢላይዘር፣ ማለትም ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዕቃ፣ ግዛ። ለትንሽ ፍሪጅም ቢሆን ከ1000 ቪኤ ያላነሰ፣ መብራት ሲመጣ 3 ወይም 5 ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ ይሁን። ሞተር ቆሞ ወዲያው ሲነሳ ጋዙ ገና በአንድ ወገን ታፍኖ ነው፤ ስለዚህ አይችለውም። ፍሪጅና ምጣድ በአንድ ዲቫይደር መሰካት ደግሞ እሳት ያስነሳል።

ቮልቴጁ 220 ሆኖም ካጉረመረመ ሞተሩ ጎን የተሰካችውን ማስነሻ ሪሌ ፍሪጁን ነቅለህ አውጣት። ጆሮህ ጋ አድርገህ ነቅንቃት። ከውስጧ ከተንኳኳች ወይም የመቃጠል ሽታ ካላት ተሰብራለች። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ በሞተሩ ላይ ተስፋ ከመቁረጥህ በፊት እሷን ቀይር።

ጥያቄ፦ ባለ አንድ በር ፍሪጅ አለን። ከላይ ያለው በረዶ ቤት ስለተጋገረ ልጄ በቢላ ሲያነሳ “ፍስስ” የሚል ድምፅ ሰማን። ከዚያ ወዲህ አይቀዘቅዝም። ይሠራል ወይስ ይጣል?

መልስ፦ ጋዙ ወጥቷል፤ የእርስዎስ በእርግጥ ጋዝ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱን ያንብቡ። አር 600 ኤ የሚል ከሆነ ጋዙ የሚቀጣጠል ነው። እንዲህ ያለ ነገር በተፈጠረበት ሰዓት መስኮት ይከፈታል፤ ክብሪት አይጫርም፤ ከሰል ካለ ወደ ውጭ ይወጣል። ጥገናውም ክፍት ቦታ ላይ፣ ይህን ጋዝ በሚያውቅ ሰው ይሠራ። አር 12 የሚል ካገኙ ፍሪጁ በጣም አሮጌ ነው። ያ ጋዝ የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እንደኛ ባሉ አገሮች ጭምር ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲቆም ተደርጓል። እሱን ለማስጠገን ገንዘብ ባያወጡ እመርጣለሁ።

አር 134 ኤ ወይም አር 600 ኤ ከሆነ ይጠገናል፤ ግን ሳይዘገይ። በቀዳዳው የገባው አየር እርጥበት ይዞ ይገባል። ፍሪጁን ነቅለው ይተዉት፤ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ሞተሩ እንዳይሠራ። ሠራተኛው አሉሚኒየሙን ከደፈነ በኋላ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ፊልተሯን፣ ማለትም እርሳስ የምታህለውን የመዳብ ቱቦ፣ በአዲስ መቀየር ነው። ሁለተኛው በቫኪዩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ከውስጥ መሳብ ነው። በሞተሩ ራሱ እያስነሱ “አየሩን አስወጥቻለሁ” የሚሉ አሉ፤ አይቀበሏቸው። የቀረው እርጥበት ቀጭኑ ቱቦ ጫፍ ላይ በረዶ ሆኖ ይዘጋዋል። ፍሪጁም አንድ ሰዓት ቀዝቅዞ አንድ ሰዓት ይሞቃል። ስለዚህ በዋጋ ከመስማማትዎ በፊት ፓምፕ እንዳለው ይጠይቁ። ፓምፑ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ሲሠራ፣ ጋዙም በሚዛን ሲለካ አጠገቡ ሆነው ይዩ።